ማን ሄደ፣ ማን ቀረ

ጥቅምት 4

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን ብዬ ላልፍ ነበር፤ አንተ ግን «ደህና ማለት ምን ማለት ነው፣ ዘርዝሪ» ስለምትል ዘርዝሬ እጽፋለሁ።

ስለ እማዬ አነጋገር ጠይቀሃል። ከስትሮኩ በኋላ ጠፍቷት የነበረው ቃል አብዛኛው ተመልሷል። መጀመሪያ የተመለሰው ስድብ ነው። «ውሃ» ማለት ሳትችል «አንቺ ደንቆሮ» አለችኝ፤ ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል ተሞግሼም ተደስቼ አላውቅም። ቀኝ እጇ ኩባያ ይይዛል። ምርኩዝ ይዛ ከአልጋዋ እስከ ግቢው በር ትደርሳለች።

ያልተመለሰው በልሳን የምትጸልየው ጸሎት ነው። ልጆች ሳለን ጎህ ሲቀድ የሚቀሰቅሰን እሱ አልነበር? አሁን ተንበርክካ አፏን ስትከፍት የሚወጣው የሰው ቃል ብቻ ነው፤ ስለ ሳሙና የምናወራበት ቃል። እጅና እግሯን የምታሠራት ባለሙያ «ጉዳቱ አንጎል ላይ ነው፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» ብላ አስረዳቻት። እማዬ ግን «መንፈሱ ጥሎኝ ሄዷል፤ ይህን ደግሞ ሐኪም አያውቀውም» አለች። ከጉባኤያችን ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩላት። አንደኛው ሲወጣ ጫማውን እያሰረ «እስቲ ራስዎን ይመርምሩ፤ የሆነ በር ከፍተው ይሆናል» አላት። ከዚያ ወዲህ ስትመረምር ትውላለች። እስካሁን ያገኘችው፣ ልጅ ሳለች ሰልፍ ላይ አንዲት ሴትዮ ገፍትራ መቅደሟን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከእንቅልፏ ስትነቃ ካላየችኝ ጌታ መጥቶ እኔን ወስዶ እሷን የተዋት ይመስላታል። መጀመሪያ ጊዜ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስለዚህ የስፌት መኪናዬን አምጥቼ ከመጋረጃዋ ወዲህ አደረግሁት። ድምፁ እስካለ ትተኛለች። የምሰፋው ሲያልቅ ክር ሳላስገባ ባዶውን እረግጣለሁ። ከመኪናው ከተነሳሁ ደግሞ እዘፍናለሁ፤ ማድ ቤት ስገባ እዘፍናለሁ፣ ሽንት ቤትም እዘፍናለሁ። መዝሙሩ ሁሉ አልቆብኝ ትናንት አንተ ያስተማርከኝን የማባዛት ሠንጠረዥ ዘፈንኩ።

ሌላ ሰው አይተካኝም። ጎረቤታችን ኦርቶዶክሱ ሶፋ ሠሪ «እኔ እቀመጥላት፣ አንቺ ወጣ በይ» ቢለኝ፣ እማዬ «እሱማ ቢቀር ምን ይገርማል» አለች።

እባክህ ጻፍላት። ወደ ባለቤትህ ቤተ ክርስቲያን ከሄድክ ወዲህ ጠፍቷል ትልሃለች፤ ሆኖም «ጠፋ እንጂ አይዋሽም» ትላለች። ስልክ እንዳትደውል። ጆሮህ አይሰማም፤ እኔ የምጮኸውን ሁሉ ደግሞ እሷ ትሰማለች።

እህትህ


ጥቅምት 19

ለእህቴ ለሚጢ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የማባዛት ሠንጠረዡ ጋ ስደርስ ብቻዬን ስቄ ሚስቴ «ምን ነካህ?» ብላ መጣች። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ እንደ ልጅነትሽ እንዳትሳሳቺ ብቻ።

ስላለመምጣቴ አልጠየቅሽኝም። አለመጠየቅሽ ከጥያቄ ይከብዳል። እማዬ «ወደ ጉባኤው ሳትመለስ ደጄን እንዳትረግጥ» ያለችኝን እስካሁን አልሻረችም፤ እኔም ቃሏን እንደ ትእዛዝ ይዤ ተቀምጫለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ክፍል ውስጥ አደርግ እንደነበረው በመጀመሪያ ጥያቄውን ላጥራው። እማዬ የምትጠይቀው፣ አንድ ክርስቲያን ከዳነ በኋላ መዳኑን ሊያጣ ይችላል ወይ ነው። መልሱ እንደሚጠየቀው ቤት ይለያያል። በእናንተ በጴንጤቆስጤዎቹ ዘንድ ይችላል፤ ሰው በፈቃዱ እንደገባ በፈቃዱ ይወጣል ትላላችሁ፣ ብርሃኑን ካዩ በኋላ ስለ ወደቁት የተጻፈውን ክፍል ታነሳላችሁ። እኛ ባፕቲስቶቹ ደግሞ በእውነት የዳነ አይጠፋም እንላለን፤ እረኛው በጉን ይዞታል እንጂ በጉ እረኛውን አልያዘም። ሉተራኖቹ እምነት ሊጠፋ ይችላል፣ የጠፋውም ሊመለስ ይችላል፣ የተጨነቀ ሰው ስሜቱን ትቶ ጥምቀቱን ያስብ ይላሉ። ካቶሊኮቹ ከባድ ኃጢአት ጸጋን ያሳጣል፣ ንስሐ ይመልሰዋል ይላሉ። ኦርቶዶክሶቹ ከጥያቄው ጀምሮ አይስማሙም፤ መዳን የዕድሜ ልክ ጉዞ ስለሆነ ሳይጨርሱ ደረስኩ ማለት አይገባም ባዮች ናቸው። ሁሉም የሚጠቅሱት አንድ መጽሐፍ ነው። ሒሳብ ሳስተምር ከአንድ መነሻ ይህን ያህል መልስ ሲወጣ ተማሪዎቹን እንደገና ሥሩ እላቸው ነበር። እዚህ ላይ እንዲያ ለማለት አልደፍርም።

ለእማዬ የሚነበበውን ለብቻ ጽፌዋለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ይኸውና፦

«እማዬ፣ ልሳን ስጦታ ነው። ስጦታው ቢቀር ሰጪው ሄደ ማለት አይደለም። አንቺን የያዘሽ እሱ ነው፤ እጅሽ ቢዝል የእሱ እጅ አይዝልም። የዳነ ሰው አይጠፋምና አትጠፊም።»

አንድ ነገር ልጨምር። እሷ አንቺን እያየች ትረጋጋለች። አንቺስ ምን እያየሽ ትረጋጊያለሽ? አንቺ ራስሽ ምን ታምኛለሽ?

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለጋሼ፣

የላክኸውን አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ድገሚው» አለችኝና ደገምኩት። ከዚያ ምን እንዳለች ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «ይህ ልጅ አይዋሽም። የዳነ አይጠፋም ካለ አይጠፋም። እኔ ግን ይኸው ጠፍቻለሁ። እንግዲያው መጀመሪያውኑ አልዳንኩም ነበር።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የነበራትን አጥታ ነበር የምታለቅሰው። አሁን ኖሯት እንደማያውቅ አመነች። ጎህ ሲቀድ የጸለየችው ሁሉ፣ እኛን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጉባኤ የወሰደችን ሁሉ፣ ባዶ ነበር ማለት ነው። በኛ ትምህርት ከሄደች ጠፍቶባታል፤ በናንተ ከሄደች አልነበራትም። ሁለት በር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር ጋሼ፤ ለካ ሁለቱም የሚያስገቡት እዚያው ክፍል ነው። አንተን ጥፋተኛ እያልኩህ አይደለም። እኔ ነኝ ጻፍ ያልኩህ።

ሌሎቹንም ሞክረናል። እጇን የምታሠራት ባለሙያ ሉተራን ናት። እንዳልከው «ተጠምቀው የለም እንዴ እማማ? እሱን ያስቡ» አለቻት። እማዬ «ሁለቴ ነው የተጠመቅሁት፤ አንዴ በሕፃንነቴ፣ አንዴ ሳምን። የትኛውን ላስብ?» አለች። ልጅቷ ሳቀችና ወደ እማዬ ክንድ ተመለሰች።

ሶፋ ሠሪው ሥራ ቦታውና ቤታችን አንድ ግድግዳ ነው የሚጋሩት፤ የምናወራውን ሁሉ ይሰማል። ባለፈው በመስኮት ብቅ ብሎ «እናንተ ሰዎች መዳንን እንደ መታወቂያ ኪሳችሁ ትከቱትና ቀኑን ሙሉ ኪሳችሁን ስትዳብሱ ትውላላችሁ። እኛ ኦርቶዶክሶቹ ገና መንገድ ላይ ነን» አለን።

«መድረስህን በምን ታውቃለህ?» አለችው እማዬ።

«ስደርስ ነዋ፣ እትዬ።»

«መንገድ ላይ ብትሞትስ?»

«መንገድ ላይ ሞተ እባላለሁ። ዞሮ ሲመለስ ሞተ ከመባል ይሻላል።»

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። ቆይታ ግን «እሱ ቢያንስ መንገድ አለው» አለችኝ በሹክሹክታ።

የኔ ነገር፦ እማዬ ሳትታመም እሠራበት የነበረው የልብስ ወርክሾፕ ኃላፊ የቆረጣ ጠረጴዛዬን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደምታቆይልኝ ልካብኛለች። መቀሴ እዚያው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው። እዚህ የደንብ ልብስ ኮሌታ እሰፋለሁ፤ ኮሌታ ብቻ። ሙሉ ሸሚዝ ካየሁ ቆየሁ።

አንቺስ ምን ታምኛለሽ ላልከኝ፣ እማዬ እየጠራችኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

እህትህ


ኅዳር 14

ለሚጢ፣

የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ስህተት የለበትም፤ የተጻፈለትን ሰው ግን ጎድቷል። ስለዚህ ስህተት ነበረበት። ይቅርታ።

ሃይማኖቱን ለጊዜው ትተን በእጃችን ያለውን ችግር እንፍታ። የሚያስተኛት የመኪናው ድምፅ ነው ብለሻል። ድምፅ ደግሞ ይቀዳል። እንዲህ አድርጊ፦ ስትሰፊ በስልክሽ ረዘም አድርገሽ ቅጂው። ምሳ በልታ ጋደም ስትል ስልኩን መኪናው ሥር አስቀምጠሽ ክፈቺው። ወርክሾፑ ድረስ ሄደሽ ኃላፊዋን አነጋግረሽ ተመለሽ። ሶፋ ሠሪው ጆሮውን ወደ ግድግዳው እንዲያደርግ ንገሪው። መጀመሪያ አጭር መንገድ ሄደሽ ሞክሪው፤ ከሠራ ቀስ በቀስ ታስረዝሚዋለሽ።

ማታለል አይሆንም ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ክር የሌለው መኪና ስትረግጪ ከምታደርጊው አይለይም ብዬ መለስኩ። መልሱ ካላሳመነሽ ተዪው።

ጥያቄዬን ዘልለሽዋል። አልረሳሁትም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ለጋሼ፣

ባለፈው በአንዲት መስመር «አልሠራም፣ ተወው» ብዬ ስለላክሁብህ ይቅርታ። ከዚያ በላይ የሚጽፍ እጅ አልነበረኝም። «የሆነውን በቅደም ተከተል ንገሪኝ» ስላልከኝ ልሞክር።

ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። አጭሩ መንገድ ሠርቶልን ነበር። ወርክሾፑ የሄድኩ ቀን ግን ኃላፊዋ እንግዳ ይዛ ስለነበር በር ላይ ጠበቅኳት። እማዬ በዚያ መሐል ነቃችና ጠራችኝ።

አንተም እኔም ያላሰብነው ይህን ነው። ስትጠራኝ መርገጫውን አቆማለሁ። ድምፁ ቆም ሲል «አለች» ብላ መልሳ ትተኛለች። ያን ቀን ስትጠራኝ መኪናው አልቆመም። ደግማ ጠራች፤ አልቆመም። ምርኩዟን ይዛ ተነስታ መጋረጃውን ገለጠች። ወንበሩ ባዶ ነው። ግማሹ የተሰፋ ኮሌታ መርፌው ሥር አለ። ስሰፋ የማወልቀው ነጠላ ጫማ መርገጫው አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጧል። መዘውሩ አይዞርም፤ ስፌቱ ግን ይሰማል።

ከኛ ጉባኤ የሆነ ሰው ይህን አይቶ ምን ያስባል? ለዚህ ቀን ስትዘጋጅ ነው የኖረችው ጋሼ። ልክ እንደተሰበከላት ሆኖ አገኘችው።

ግቢ ወጣች። ሶፋ ሠሪው ጩኸቷን ሰምቶ፣ ምስማሩን ከከንፈሩ ሳያወጣ ሮጠ። አየችውና «አንተም ቀረህ?» አለችው። እሱ ምን ያውቃል፣ «እኔማ እትዬ ማን ጠርቶኝ» አላት። ሊያስቃት ነበር። ለሷ ማረጋገጫ ሆነላት።

ስደርስ ገና ስፖንጅ ያልገባበት የሶፋ አጽም ላይ አስቀምጧት፣ እጇን ይዞ ያለቅሳል። እሷ አታለቅስም። ስታየኝ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቴን ዳበሰችና «መልሰው ሰደዱሽ?» አለችኝ። «ምን አድርገሽ ነው?»

የስልኩን ነገር አስረዳኋት፤ ከፍቼም አሰማኋት። ጆሮዋን ያዘች። ከዚያ ወዲህ የመኪና ድምፅ አትችልም፤ ስለዚህ አልሰፋም። የቀሚሴን ጫፍ ሳትይዝ አትተኛም። ቀሚሴ እስከሚደርስበት ድረስ ነው የምሄደው። ጠረጴዛዬ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ መቀሴን ሶፋ ሠሪው ሄዶ አመጣልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

እህቴ፣

ዛሬ አንደኛ፣ ሁለተኛ አልልም።

እማዬን የሚያስተኛት ድምፅ ነው ብዬ ተነሳሁ። ድምፅ አልነበረም፤ ስትጠራው የሚቆም ሰው ነበር። ይህን ሳልጠይቅ ዘዴ ሰጠሁ። ተማሪ እንዲህ ቢሠራ ጥያቄውን አላነበብክም እለው ነበር። ልመጣ እፈልጋለሁ። አሁንም ደጄን አትርገጥ ትል እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ከፈራሽም አትጠይቂ።

ያንን ጥያቄዬን ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። ባትመልሺም ከክፍል አላስወጣሽም።

ወንድምሽ


ጥር 3

ለጋሼ፣

መልሱ ይኸውልህ። ጌታ ዛሬ ቢመጣ እኔ የምሄድ አይመስለኝም።

መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ያጠፋሁት ነገር የለም፤ ያኮረፍኩትም የለም። እዘምራለሁ፣ ቃሉ ይወጣል፣ ወዲያ ጫፍ የሚቀበለኝ የለም። ክር የሌለው መኪና መርገጥ የጀመርኩት እማዬ ከመታመሟ በፊት ነው ብልህ ትረዳኛለህ። እሷ ደግሞ ስትነቃ እኔን አይታ «እሷ ካለች ገና አልመጣም» ብላ ትተነፍሳለች። የያዘችው ማስረጃ እኔ ነኝ፤ ማስረጃው ግን ውሸት ነው። ስለዚህ ነው ጥያቄህን ስሸሽ የከረምኩት።

ነገርኳት።

ጥፍሯን እየቆረጥኩላት ነበር። «መልሰው ሲሰዱሽ ምን አሉሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። «እማዬ፣ አልወሰዱኝም። ቢመጡም እኔን አይወስዱም» አልኳት። ከዚያ ለአንተ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። ጥፍር መቁረጫውን ይዤ ቁጣዋን ጠበቅሁ።

«ማን ነው አይወስዱሽም ያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ከሆዴ ጀምሮ የያዘሽን፣ አንቺ እጅሽ ዛለ ብሎ ይለቅሻል? ሰው ነው እንዴ?»

ያው አንተ የጻፍከው ነበር ጋሼ፤ እሷን ገደል የከተታት ያው ቃል። «እንግዲያው አንቺንስ?» አልኳት።

«የኔን ተዪው። አሁን የምናወራው ስለ አንቺ ነው።»

ስለ እኔ ቅንጣት ጥርጥር የላትም። ወደ ራሷ ስታዞረው አይዞርላትም። ቀሪውን እጇን ሰጠችኝና ቆረጥኩ። ጨርሼ ስነሳ «ባይሆንም» አለች። «ያልኩሽ ባይሆንም፣ ሊወስዱኝ ቢመጡ ልጄ ቀርታለችና እጠብቃታለሁ እላቸዋለሁ።»

«እንዲህ አይባልም እማዬ።»

«ለምን አይባልም? መቅረቱን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ቀሚሴን ለቃዋለች። ስትነቃ «አለሽ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላለሁ። ድሮ እዚህ ላይ ነበር እፎይ የምትለው። አሁን «እኔም አለሁ» ትለኝና ትተኛለች። ይህ እምነት ይሁን የእምነት መጥፋት አላወቅሁም። ከቆጠርክልኝ አብያተ ክርስቲያናት ይህን የሚያስተምር ካለ ጻፍልኝ።

ነፃ ወጣሁ እንዳትል። ትናንት ብቻዬን እስከ ግቢው በር ሄድኩ፤ ማንም ሳይጠራኝ ተመለስኩ። ስለ መሞት ሲነሳ ደግሞ «እኔ የት እሄዳለሁ፣ ይህቺን ይዤ» ትላለች። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ እየጠበቀህ እንዴት ቁጭ ብለህ ትሰፋለህ?

ስለ አንተ ልጠይቃት ስፈራ ራሷ አነሳችው። «ያ ወንድምሽስ?» አለች። «ሁለት ልጅ ለየብቻ ቆሜ መጠበቅ ለእግሬ አይሆንም። አንድ ላይ ሁኑልኝ።» ይህ ምሕረት ይሁን ወቀሳ አንተ ትረዳዋለህ።

እህትህ


ጥር 11

ለሚጢ፣

ያለኝን መጻሕፍት ሁሉ አገላበጥኩ፤ መጋቢያችንንም ጠየቅሁ። እንዲህ የሚያስተምር ቤተ ክርስቲያን አላገኘሁም። መጋቢያችን «ትክክል አይደለም» አለኝ፤ ሸኝቶኝ በር ላይ ስንደርስ ግን «እናትህን ሰላም በልልኝ» አለኝ።

አንቺ ስለ ጻፍሽልኝ ነገር አልከራከርሽም። እማዬ የምትለው ላንቺ ከሠራ ለሷም መሥራት አለበት፤ ለምን እንደማይዞርላት ግን ማስላት አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ አስልቻለሁ። ድሮ አጠገቧ መቀመጥ የምትችዪው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ትሄዳለች ተብሎ የታመነብሽ አንቺ ብቻ ስለነበርሽ። አሁን ከቀሩት ጋር ከተቆጠርሽ፣ ከቀሩት ማንም ቢቀመጥ ይሆናል። ጡረታ የወጣ መምህር ይበቃል። እኔ ወንበሩ ላይ እሆናለሁ፤ አንቺ መቀስሽን ይዘሽ ጠረጴዛ ፈልጊ። ብትወጪ የት ነበርሽ አልልሽም፤ ከግቢው በር ብትመለሺም ለምን አልልሽም።

የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ማክሰኞ እደርሳለሁ። በሩ ላይ ቆሜ «እማዬ፣ አለሽ?» እላለሁ። መልሷን ጆሮዬ አይሰማምና በሩን ክፈቱልኝ።

ወንድምሽ